ሥራው ጥርስ ነው

መርካቶ ሰው ስሙን የሚነጠቅበት ቦታ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አብዱ ነው። የእኛ ቶርኖ ቤት ባለበት መንገድ ገብታችሁ «አብዱ የታለ?» ብትሉ ግን ሁሉም ትከሻውን ይሰብቅላችኋል። «የጥርስ ሐኪሙስ?» ካላችሁ እጃችሁን ይዞ በር ድረስ ያመጣችኋል። ነጭ ጋዋን ለብሼ አላውቅም። የምለብሰው ድሮ ሰማያዊ የነበረ፣ አሁን በዘይትና በብረት ብናኝ ቀለሙ የጠፋበት ቱታ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብሎን ወይም ቧንቧ ላይ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መስመር፣ ብረትን ከብረት የሚያናክሰውን፣ በእኛ ሙያ ጥርስ ነው የምንለው። እሱን ቶርኖ በሚባለው ብረት መቅረጫ ማሽን መቅረጽ ጥርስ ማውጣት ይባላል። ሲያረጅ ጥርሱ ተበላ እንላለን። የተበላውን በብየዳ እንሞላና እንደ አዲስ እናወጣለታለን። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ «ይሄን ጥርስ አውጣልኝ፣ ያኛውን ሙላልኝ» ሲባል የሚውል ሰው መርካቶ ውስጥ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ቀልድ ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ «ቶርኖ ሠራተኛ» ከመባል «ሐኪሙ» መባል ለጆሮ ይጥማል።

ሀያትንም ያወቅኳት በዚሁ ጥርስ ነው። አባቷ ሀጂ ነስሩ፣ ሱቆቹ የሚጥሉትን ካርቶን ሰብስቦ በዘይት ግፊት በሚሠራ መጭመቂያ እየጠፈጠፈ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ግቢያቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ከፊት ቤታቸው፣ ከጓሮ ማሽኑ። የማሽኑ ዕቃ ሲበላሽ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ እኛ የምታመጣው እሷ ነበረች።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የቫልቭ መጋጠሚያ አስቀመጠችና «አባቴ ጥርሱ ተበልቷል ብሏል» አለችኝ።

«አባትሽ ያውቃል ማለት ነው?»

«ሁሉን ያውቃል።»

«ሁሉን ካወቀ ታዲያ ወደ እኛ ለምን ላከሽ?»

«ማወቁንማ ያውቃል፤ መሥራት ነው የማይችለው» ብላ ሳቀች። በዚያች ሳቅ አለቀልኝ። ከዚያ በኋላ የዚያ ማሽን ዕቃ ቶሎ ቶሎ እንዲበላሽ ዱአ አደርግ እንደነበር ብነግራችሁ ይቅር በሉኝ።

ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌ ሆኖ የሄደልኝ የቶርኖ ቤታችን ባለቤት ጋሼ ሽኩር ነው። ጋሼ ሽኩር ሙያችንን እንደ ልጁ ነው የሚወደው። ቶርኖ ቤታችንን ረግጦ የማያውቀው ሀጂ ነስሩ «የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ደረቱን ነፋ አድርጎ «ሥራው ጥርስ ነው። ያወጣል፣ ይሞላል፣ የተበላውን ያድሳል። ከክፍለ ሀገር ሁሉ ይመጡለታል!» አለ። አንዲት ቃል አልዋሸም። ሀጂም እንደ ደንቡ «አጣርተን እንነግራችኋለን» ብሎ ሸኘው።

ማጣራት ማለት መርካቶ ገብቶ ሰው መጠየቅ ነው። ሀጂ ገባ፣ ጠየቀ። «አብዱ የሚባል ልጅ፣ ጥርስ የሚሠራ…» ሲል የሻይ ቤቱም የሱቁም ሰው ከአፉ እየነጠቀ «ሐኪሙ? የጥርስ ሐኪሙ? እጁ ወርቅ ነው! አንዴ የነካው ጥርስ አይላላም!» አለው። ሰውየው ከዚህ በላይ ምን ያጣራ? እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው፣ ሀጂ «ልጁን በዓይኔ ልየው፣ እሁድ ምሳ ይምጣ» ማለቱን ብቻ ነበር።

እሁድ ገላዬን ታጥቤ፣ ጥፍሬን በብሩሽ ፈግፍጌ፣ ኮት ለብሼ ከጋሼ ሽኩር ጋር ሄድኩ። ሀጂ ነስሩ በር ላይ ተቀበለን። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲጨብጠኝ ጣቶቼ ጠፉ።

«እንኳን ደህና መጣህ ዶክተር!»

ሳቅኩ። ቅጽል ስሜ እዚህም ደርሷል፣ ሰውየው ቀልድ ያውቃል ብዬ ደስ አለኝ። ፍራሹ ላይ ተቀመጥን፣ ሳምቡሳ መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሀጂ በአክብሮት ወደ እኔ ዞረና ወሬ ጀመረ።

«እንዴት ነው፣ ብዙ ሰው ይመጣል?»

«አልሀምዱሊላህ ሀጂ፣ ሰልፍ ነው።»

«ማሻአላህ። የምታወጣው በእጅ ነው ወይስ በማሽን?»

«ድሮ በእጅ ነበር። አሁን በማሽን ሆኗል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል።»

«አይጮኽም?»

ጋሼ ሽኩር ጣልቃ ገባ። «ሲጀመር ይጮኻል። ዘይት ጠብ ጠብ ሲደረግበት ዝም ይላል!»

ሀጂ ቅንድቡን ሰቀለ። «ዘይት? እንዴት ያለ ዘመን መጣ ጃል። እኔን በልጅነቴ አራት ሰው ይዞኝ ነበር።»

ይህን ስሰማ ግራ ገባኝ፤ ሰው ይዞት ምን ሊያወጣ ነበር ብዬ አሰብኩ። ግን አማት ሊሆን የሚችልን ሰው ማን ያቋርጣል? ራሴን እየነቀነቅኩ ሳምቡሳዬን በላሁ።

በዚህ መሃል የሀጂ ታላቅ እህት እትዬ ዘምዘም ገቡ። ጉንጫቸው አብጧል፣ በሻሽ ከአገጫቸው እስከ አናታቸው ታስሯል፣ ቤቱ በቅርንፉድ ሽታ ተሞላ። ሀጂ ወንበር አምጥቶ መስኮቱ ብርሃን ላይ አስቀመጣቸው። ሀያት ውሃ በጆግ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች፤ እሷም የሚሆነው አልገባትም፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

እትዬ ዘምዘም ሻሹን ፈቱ። ከአፋቸው ቅርንፉዱን አወጡና በመዳፋቸው ያዙት። «ና ልጄ፣ ቢስሚላህ በል። ከታች በግራ በኩል ያለው ነው» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ ጋሼ ሽኩርን አየሁት። ጋሼ ሽኩር ሳምቡሳውን አፉ አጠገብ አድርሶ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ምን ላድርግልዎት?»

«አውጣልኛ!»

«ምኑን?»

«ጥርሴን ነዋ! ሰዉ ሁሉ ሐኪም ቤት ሂጂ ሲለኝ፣ የቤታችን ሐኪም እየመጣልኝ የማን እጅ ላይ እወድቃለሁ ብዬ አንተን ስጠብቅ ከረምኩ።»

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ፤ ዶክተር መባሌ፣ ዘይቱ፣ አራቱ ሰዎች። ከአንገቴ በላይ እሳት ሆንኩ። ለአንድ አፍታ «ዕቃዬን አልያዝኩም፣ ሌላ ቀን» ብዬ መውጣት አማረኝ። ግን ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው በእምነት ያዩኛል።

«እትዬ፣ እኔ ጥርስ የማወጣው ብረት ላይ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ ሀጂ።

«ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ ሀጂ። ቧንቧና ቫልቭ ላይ ነው ጥርስ የማወጣው።»

የሀጂ ፊት በርበሬ መሰለ። «ሽኩር! ሥራው ጥርስ ነው አላልክም?»

«ነው እኮ!» አለ ጋሼ ሽኩር።

«ያወጣል፣ ይሞላል አላልክም?»

«ይሞላል እኮ! በብየዳ!»

ሀያት ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣች። «አባዬ፣ እኔ ዶክተር ነው ብዬህ አውቃለሁ?»

«ስለ ልጁ ሥራ ስጠይቅሽ ጥርስ አላልሽኝም?»

«የብረት ነዋ! የማሽንህን ዕቃ ይዤ ስሄድ ወዴት የምሄድ መሰለህ?»

ሀጂ ቁጭ አለና በእጁ ፊቱን ጠረገ። ድምፁ ሲወጣ ቁጣ አልነበረውም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «መስጊድ ለሚያውቀኝ ሁሉ ልጄን ለሐኪም ልድር ነው ብያለሁ። ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው? ሽኩር፣ የመጣህበት ጉዳይ ይቅር። ልጅህን ይዘህ ሂድ።»

ሀያት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ምን ልበል? ተነስተን ወደ በሩ ሄድን። ጫማዬን ሳጠልቅ የግራውን በቀኝ አድርጌ መልሼ አወለቅኩት።

ያ ጫማ ባያስቸግረኝ ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። ምክንያቱም ማሰሪያውን ሳስር መብራት መጣ። ፍሪጁ ማጓራት ጀመረ፤ ተከትሎ ከጓሮ የማሽን ድምፅ ተነሳ። መብራቱ ሲሄድ መጭመቂያው ሥራ ላይ ስለነበር ማብሪያውን ያጠፋ ሰው አልነበረም። ድምፁ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደና መጨረሻ ላይ ጭጭጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ይህን ድምፅ የሙያው ሰው ተኝቶም ያውቀዋል። በጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ ዘይት ነው።

ሀጂ ከሁላችንም ቀድሞ ሮጠ። ስደርስ ከቫልቩ መጋጠሚያ ዘይት በቀጭኑ ይተኮሳል፤ ሀጂ ጨርቅ በመዳፉ ይዞ ሊያፍነው እጁን ዘርግቷል።

«እጅዎን!» ብዬ ጮህኩ። አንጓውን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ወደኋላ ሳብኩት። ያ ሁሉ ሰውነት እላዬ ላይ ወደቀ፤ ሁለታችንም ካርቶን ክምር ላይ ተዘረጋን። ተነስቼ ማብሪያውን አጠፋሁ።

ሀጂ ከተዘረጋበት ሆኖ አፈጠጠብኝ። በሕይወቱ ማንም ጎትቶት አያውቅም መሰለኝ። ዘይቱ ፊት የነበረውን ካርቶን አንስቼ አሳየሁት። በመርፌ የተወጋ ይመስል ተበስቷል።

«በዚህ ግፊት የሚወጣ ዘይት ጨርቅ አያቆመውም ሀጂ። ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ ያሳጣል።»

ካርቶኑን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ መዳፉን አየ። «ሐኪም አይደለሁም አላልክም?» አለኝ።

ጋሼ ሽኩር በሩ ላይ ቆሞ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሀጂ ግን አልሳቀም። «ነገ ጠዋት የምጭነው ካርቶን አለ። ከቻልክ ሥራውና ሂድ» አለ። ያለኝ ዕድል ያችው ብቻ እንደሆነች ሀያት በዓይኗ ነገረችኝ።

ኮቴን አወለቅኩ። የቀረውን ግፊት አስተንፍሼ መጋጠሚያውን በመፍቻ ፈታሁ። ወይ ጉድ! ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ፣ በቴፑ ላይ ቃጫ፣ በቃጫው ላይ ቀለም፣ እንደገና ቴፕ።

«ማነው ይሄን የጠቀለለው?»

ሀያት ሰማይ ሰማይ አየች። ሀጂ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። ምን ሆነ? እየጨመርኩ እየጨመርኩ ሄድኩ፣ እሱ ደግሞ መፍሰሱን አልተወም።»

«ለውሃ ቧንቧ ቢሆን ግሩም ነበር» አልኩት፤ እውነቴን ነው። የውሃ ቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሲጠብቅ ይጨናነቃል፤ ቴፕም ቃጫም ይረዳዋል። የዚህ ማሽን ጥርስ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ዘይት በጥርሶቹ መሃል መንገድ ያገኛል። የሚያቆመው ሌላ ነገር ነው፤ አናቱ ሥር የምትቀመጥ፣ ሲጠብቅ የምትደፈጠጥ የመዳብ ቀለበት አለች፣ ሮንዴላ የምንላት። ይህኛው የለውም።

«መዳብ ቀለበት?» አለ ሀጂ ቀስ ብሎ። «እሷማ ትርፍ መስላኝ አውጥቻታለሁ።» ሄዶ ከብሎኖች ጣሳ ውስጥ ፈልጎ አመጣት።

እትዬ ዘምዘም ጉንጫቸውን ይዘው ከኋላችን ቆመው ነበር። «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ጥርሱ መያዝ እንጂ መዝጋት አይችልም ነው የምትለው?»

«በትክክል እትዬ።»

«ታዲያ ከንፈር ነው የጎደለው በላ! ጥርስ ይነክሳል፣ ከንፈር ይዘጋል። ከንፈሩን ቆርጦ ጥሎ ጥርሱ ላይ ቴፕ ይጠቀልላል ይሄ ወንድሜ!»

ሠላሳ ዓመት ሥልጠና ብሰጥ እንዲህ አላስረዳም። አሁንም አዲስ ልጅ ሳስተምር የምናገረው የእሳቸውን ቃል ነው።

ጥርሱን አጽድቼ፣ ሮንዴላዋን አስገብቼ አጠበቅኩ። ማሽኑ ተነሳ። ሁላችንም ራቅ ብለን ቆምን። የግፊት መለኪያው መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና… ጠብ። አሁንም ጠብ።

«አላልኩህም?» አለ ሀጂ፤ ደስ ያለው መሰለኝ። «ቴፕ ይፈልጋል! ወይ አንድ ዙር ጨምርበት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጨመር አምሮኝ ነበር። ሰው ሲጨንቀው የሚቀናው ማጥበቅ ነው። ግን በግድ ቢጠብቅ ጥርሱ ይላጣል፤ ያኔ ማሽኑም እኔም አበቃልን። ማሽኑን አጥፍቼ እንደገና ፈታሁት። ሮንዴላዋን በጣቴ ዳሰስኳት፤ ደንድናለች። መዳብ ሲቆይና ሲጨመቅ ይደነድናል፣ ሲደነድን ከንፈርነቱ ይቀራል።

«ሀያት፣ ምድጃችሁ ነዷል?»

«ወጥ ተጥዷል።»

«ወጡን አውርጂልኝ።»

ሀያት ወጡን አወረደች። እኔ በሸሚዝ፣ ክንዴ ድረስ ዘይት ሆኜ፣ ልጠይቃት የመጣኋት ልጅ ጓዳ ገብቼ ቀለበት በጉጠት ይዤ እሳት ላይ ቆምኩ። ሀጂ በር ላይ ቆሞ ያያል። እንደ ደንቡ ከሆነ እዚያ ጓዳ መግባቴ ብቻ ያስባርር ነበር። ቀለበቷ ፍም መሰለች። ሀያት ውሃ በጣሳ አቀረበችልኝ፤ ጨመርኳት፣ ጭስስ አለች።

«ምን አደረግካት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልቧን አለሰለስኳት።»

«አባቴንም ብትጥደው ጥሩ ነበር» አለች። ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን።

ተመልሼ አስገባኋት። በልኩ አጠበቅኩ፣ አንድ ፀጉር አልጨመርኩም። ማሽኑ ተነሳ። ካርቶኑ እየተጨመቀ ተንጣጣ። መርፌው ወጣ፣ ቆመ። ምንም የለም። ማሽኑን ካጠፋሁና ግፊቱን ካስተነፈስኩ በኋላ ሀጂ ነጭ ሶፍት ከኪሱ አውጥቶ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ጠረገው፤ ብርሃን ላይ ያዘው። ንጹሕ ነበር።

ያኔ ቀድመው የሳቁት እትዬ ዘምዘም ናቸው። «ዘይት ጠብ ሲደረግበት ዝም ይላል!» አሉና ጉንጫቸውን ይዘው «ኧረ አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያሉ እዚያው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ለካ ከመግባታቸው በፊት ከበሩ ኋላ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ሀጂ ሊቆጣቸው ዞረ፤ አፉን ከፈተና እሱንም ሳቁ ቀደመው። እንባው እስኪወርድ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። «አራት ሰው ይዞኝ ነበር ስል ራሱን ይነቀንቅልኛል! ልክ ነው ብሎ!» ጋሼ ሽኩር ተንበርክኮ ሳቀ። እኔ መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደሆን እንኳ አላውቅም ነበር።

ሀጂ ዓይኑን ሲጠርግ ፊቱ ተለወጠ፤ ቁም ነገር ገባበት። «ሽኩር፣ ና ቤት እንግባ» አለ። ገባን። እኔን በር ላይ አስቆመኝ፤ እሱ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ጋሼ ሽኩርን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ።

«ያን ቀን የመጣህበትን እንደ አዲስ ጀምርልኝ። ያለ ቅኔ።»

ጋሼ ሽኩር ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። «ሀጂ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለአብዱ ልንጠይቅ መጥተናል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ቶርኖ ሠራተኛ ነው።»

ቃሉ እዚያ ትልቅ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቆመ። ስንት ዓመት በቀልድ ስሸፍነው የኖርኩት ቃል ነው። ሀጂ ወደ ሀያት ዞረ። «ሰምተሻል? ሐኪም አይደለም።»

«እኔማ ከመጀመሪያውም ሰምቻለሁ አባዬ። ቶርኖ ሠራተኛውን ነው የፈለግኩት።»

ሀጂ ወደ ጋሼ ሽኩር ዞረና «ሰጥቻለሁ» አለ። እጃችንን ዘርግተን ዱአ አደረግን፤ የእኔ እጅ ገና ከዘይቱ አልጸዳም ነበር።

እትዬ ዘምዘምን በማግስቱ እውነተኛ የጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም ሐኪሙን «ይሄ የሙያ ጓደኛህ ነው፣ ዋጋ ቀንስልን» ብለው አሳፈሩኝ። ሀጂ ደግሞ መስጊድ ለነበሩት ሁሉ ታሪኩን ራሱ ነው የተረከው፤ ሳያፍር፣ እያጋነነ። አሁን ሲያወራው ያ ዘይት ግድግዳ ሲበሳ ትሰማላችሁ።

እናንተዬ፣ እኔ ከዚያ እሁድ በፊት የሥራዬን ስም በትልቅ ሰው ፊት ሳልሳቅ ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው በቅጽል ስሙ ሲወደድ ደስ ይላል፤ ግን ልቡ እንደማያርፍ ያወቅኩት «ቶርኖ ሠራተኛ ነው» ተብሎ «ሰጥቻለሁ» ሲባል ነው። ከዚያ በኋላ የተነገረኝ ምስጋና ሁሉ ከዚያች ቃል በታች ነው። መርካቶ አሁንም ሐኪሙ ይለኛል፤ ይበለኝ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ «ብረት ላይ» እላለሁ፣ ጥርሱን ከዚያ አስከትላለሁ።